አራት ገዳም በግማሽ ቀን

ባሕር ዳር ለዎርክሾፕ ተብላ የተቆረቆረች ከተማ ናት ብለው የሚያምኑ መሥሪያ ቤቶች አሉ። እኔ ከነሱ በአንዱ እንጀራ ስበላ ኖሬያለሁና ስለ እምነታችን ጽናት መመስከር እችላለሁ። ስለ ቆላ መስኖ መነጋገር ሲያስፈልግ ባሕር ዳር እንሄዳለን። ስለ አዲስ አበባ ደረቅ ቆሻሻ ሲሆንም ባሕር ዳር። አንድ ጊዜ ስለ ወጪ ቅነሳ ለመምከር አርባ ሰው ሆነን በአውሮፕላን ሄደናል። አዳራሽማ አዲስ አበባም ሞልቷል፤ ሐይቅ ግን የላትም፤ ሐሳብ ደግሞ ውኃ ዳር ካልሆነ አይፈስም። አበልም እንደዚሁ።

የማወጋችሁ በ2011 ዓ.ም. ስለተካሄደው ዎርክሾፕ ነው። ርእሱ «ጊዜን በአግባቡ መጠቀም» ይላል። ሦስት ቀን ሙሉ፣ በየቀኑ ከአንድ ሰዓት በላይ አርፍደን እየጀመርን፣ ስለ ጊዜ ተወያየን። ሻይ ልጠጣ ወጣ ባልኩበት ቃለ ጉባኤ ያዥ ተብዬ ተመርጬ ስለነበር ሁሉም ነገር በእጄ ጽሑፍ ሰፍሯል። አራተኛው ቀን እሑድ ነው። እሑድን ምን አመጣው የሚል የዋህ አንባቢ ቢኖር፣ አበል በቀን እንደሚታሰብ ላስታውሰው። ፕሮግራሙ እንዲህ ይነበባል፦ «ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 7፡00፣ የመስክ ጉብኝትና የልምድ ልውውጥ (አራት ገዳማት)»።

አራት ገዳም በአራት ሰዓት ተኩል። የውኃውን መንገድ፣ ዳገቱን፣ ጫማ ማውለቁንና ማጥለቁን ስትቀንሱለት ለአንዱ ገዳም የሚደርሰው ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ሦስት ቀን የተማርነው የጊዜ አጠቃቀም በተግባር ሲውል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«የልምድ ልውውጥ» የሚለውን ቃል የፈለሰፈውን ሰው እግዜር ዕድሜ ይስጠው። ሽርሽር ብንለው ፋይናንስ ይጠይቃል። ጉብኝት ብቻ ብንለው ኦዲት ይጠይቃል። ልምድ ልውውጥ ሲባል ግን ማን ደፍሮ አፉን ይከፍታል? ቃሉ ራሱ ደረሰኝ ነው።

ወደቡ ላይ የተገኘነው በሰዓቱ ነበር፤ እኔና አስጎብኚው። ሌላው ሰው እስኪሟላ የጎርጎራውን መርከብ ስንመለከት ቆየን። ለብዙ ዓመታት በሳምንት አንዴ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላን፣ ደልጊን እየነካካ፣ መንገድ ላይ አድሮ ጎርጎራ ሲደርስ የኖረ መርከብ ነው። ጆንያ ይጫናል፣ ዶሮ በእግሯ ተንጠልጥላ ትገባለች፣ አንድ ቄስ ጥላቸውን አጥፈው የፍራሽ ጥቅል ላይ ተቀምጠዋል፣ አንዲት እናት የታመመ ልጅ አቅፋ ጥግ ይዛለች። ለነዚህ ሰዎች ደሴት የሚኖሩበት ቀበሌ ነው፤ ጀልባም ታክሲያቸው። አስተባባሪያችን አንድ ሰዓት ከሩብ አርፍዶ ደረሰና፣ ለመነሻ ፎቶ ሐይቁን ከኋላችን አድርገን ስንሰለፍ፣ «እነዚያ ሰዎች ከፍሬሙ ይውጡልን» አለ። መርከቡ ሊወጣለት አልቻለም፤ እኛው ዞርን።

ስለ መርከብ ካነሣሁ አይቀር፦ በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ ሁለት የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ ወደብ በተጎታች ተጭና፣ በየብስ፣ ዳገት ቁልቁለቱን ስትጓዝ ሰው መንገድ ዳር ወጥቶ እልል ብሎላታል። እኔም በቴሌቪዥን አይቼ ደስ ብሎኛል። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ያቺ መርከብ ውኃ ሳትነካ በየብስ ያሳለፈችው ጊዜ፣ እኛ ባልደረቦች በዕድሜያችን በጣና ላይ ያሳለፍነው ሁሉ ቢደመር ያስከነዳዋል።

ተነሣን። አስጎብኚው ጥሩ ልጅ ነው፤ ሥራውን ያውቃል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው አለ። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ ጥልቀቱ ግን ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ገደማ አያልፍም አለ። ማንም አልሰማውም፤ እኔ ብቻ መዘገብኩ። እንዲህ ሰፍቶ ሰፍቶ ጥልቀት የሌለው ነገር ለኛ እንግዳ አልነበረም፤ ሦስት ቀን አዳራሽ ውስጥ ስንዋኝበት ነው የከረምነው።

ትንሽ እንደሄድን የደንገል ታንኳ ታየ። አንድ ሰው እንጨት ከምሮ እየቀዘፈ ወደ ከተማ ይመጣል። ደንገል ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው በየጊዜው ወጥቶ ካልደረቀ አይሠራም፤ የሰውየው ታንኳ ደግሞ ጠርዙ ከውኃው እኩል ሆኗል። «ቀረብ፣ ቀረብ በልለት!» ተባለ። ካፒቴኑ አይሆንም ማዕበል ያነሣበታል ቢል ማን ሰምቶ። ቀረብን። ሞተራችን ያስነሣው ሞገድ ታንኳውን አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ሲያደርገው ሰውየው ቀዘፋውን ትቶ እንጨቱን በሁለት እጁ አቀፈ። ፎቶው እጅግ ግሩም ወጥቷል። በዓመታዊ መጽሔታችን ላይ «ከተፈጥሮ ጋር ተስማምቶ መኖር» ከሚል መግለጫ ጋር ታትሟል። በዚያው ሰሞን ሌላም ፎቶ ታትሞልናል፤ ሐይቁን ሸፍኖ የበቀለ ወይን ጠጅ አበባ። አንዷ ባልደረባችን «ውይ ሲያምር!» ብላ ያነሣችው ነው። እምቦጭ ነበር። ጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ገበሬው ደረቱ ድረስ ውኃ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው የኖረ፣ ያውም ተነቅሎ የማያልቅ አረም።

ክብራን ገብርኤል ደረስን። ክብራን ሴት አይገባበትም። ይህን የሚያውቀው አስጎብኚው ብቻ ሳይሆን አገሩ በሙሉ ነው፤ ፕሮግራሙን ያወጣው ኮሚቴ ግን የሰማው ያን ዕለት ነው። ዘጠኙ ሴቶች ጀልባው ውስጥ ቀሩ፤ ከነሱም መካከል የሥርዓተ ፆታ ባለሙያችን አንዷ ነበረች። እኛ አሥራ ዘጠኝ ወንዶች የመሥሪያ ቤቱን አደራ ተሸክመን ዳገቱን ወጣን።

እዚህ ላይ እውነተኛ ልምድ ነበር፤ ለመለዋወጥ የመጣ ሰው ቢኖር። ክብራን ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለ ገዳም ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ቢፒአር አልሠራም፣ ቢኤስሲ አልሞላም፣ ካይዘን በግድግዳው ላይ አልለጠፈም። ነገሥታት ተነሥተው ወድቀዋል፤ መነኩሴው ሌሊት ተነሥቶ ሰዓታቱን ይቆማል። የኛ መሥሪያ ቤት እኔ በማውቀው ጊዜ ብቻ ስሙን ሦስቴ፣ ማኅተሙን አራቴ ቀይሯል። ከ600 ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈ ሥዕላዊ ወንጌል ያለው ገዳም መሆኑን አስጎብኚው ሲናገር አስተባባሪያችን ወደ አንድ መነኩሴ ዞሮ የባለሙያ ጥያቄ አነሣ፦

«አባ፣ ሶፍት ኮፒ የላችሁም?»

«ምን አልከኝ ልጄ?»

አንዱ ባልደረባችን ሊረዳ ፈልጎ «ለስላሳ ቅጂ ማለቱ ነው አባቴ» አለ።

«ለስላሳማ ነው፤ የፍየል ብራና እኮ ነው።»

እሳቸው አልሣቁም። እኔ በቃለ ጉባኤው ላይ «ተቋሙ ዲጂታል ሽግግር ይቀረዋል» ብዬ ጻፍኩ፤ ጻፍ ስለተባልኩ። ሃያ ደቂቃ ሳንሞላ ወረድን። ስንወርድ ከተነሣው ወሬ የማስታውሰው የስልክ መረብ ከላይ ከታች ይሻላል የሚለውን ነው። አንዱ «ራሴን ቻርጅ ላድርግ ብዬ ነበር የመጣሁት» ሲል በሙሉ ልቤ አዝኜለት ነበር፤ ኋላ የስልኩን ሶኬት እየፈለገ መሆኑን አየሁ።

ጀልባው ጋ ስንመለስ ሴቶቹ እንዳኮረፈ ሰው ይጠብቁናል ብለን ነበር። ዘወር ብለውም አላዩንም። ካፒቴኑን ከበው ይጠይቁታል፤ እሱ ይመልሳል። ቀረሶና አምባዛ በምን እንደሚለዩ፣ ነጭ ዓሣ ክረምት ሲገባ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ወንዞቹ እንደሚወጣ፣ አባቶቹ ግልገል ዓባይ ሐይቁን ሳይቀላቀል አቋርጦ ይሄዳል እንደሚሉ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ባለ ታንኳ በጠዋት መሻገርን እንደሚመርጥ። የመዝገብ ቤቷ እትዬ (ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀራት) ከዎርክሾፑ በተሰጣት ደብተር ላይ ትጽፋለች። በአራት ቀን ውስጥ ያ ደብተር ሲከፈት ያየሁት ያኔ ነው።

እንጦስ እዚያው ፊት ለፊት ናት፤ ሴቶችም ይገባሉ። ስምንት ደቂቃ ተሰጣቸው። ይህን አልፈዋለሁ፤ ስምንት ደቂቃ ለመተረክ ስምንት ደቂቃ ይበዛል።

ወደ ዘጌ ዞርን። ዘጌ ደሴት አይደለም፣ ልሳነ ምድር ነው፤ ግን በጀልባ ስለሚኬድ በሪፖርታችን ላይ ደሴት ሆኗል። የዘጌ ነገር እንዲህ ነው፦ ከጥንት ጀምሮ በገዳማቱ ሥርዓት እርሻ አይታረስበትም፣ በሬ አይጠመድበትም፣ ዛፍም ዝም ብሎ አይቆረጥበትም። ሰው የኖረው በቡናው ነው። ሌላው አገር ተመንጥሮ ራቁቱን ሲቀር ዘጌ ደን ሆኖ የቆየው፣ በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘግብ ከነልብሱ የተገኘው፣ በዚህ ነው። ግዝት ሠርቷል። ሥልታዊ ዕቅድ አልነበረውም።

እኛ ባነር ነበረን። ሦስት ሜትር ርዝመት፣ ሙሉ ቀለም፣ «ጊዜን በአግባቡ መጠቀም ለተቋማዊ ልህቀት» የሚል። በሁለት የቡና ዛፎች መካከል ተወጠረ። ሎጎው ላይ ግን አንድ ቅርንጫፍ ጥላ ጣለበት። ፎቶ አንሺው ቅርንጫፉን ጎተት አደረገው፣ አልሆነም፣ ሰበረው። መንገድ ዳር ትናንሽ የደንገል ታንኳ የሚሸጡ ሽማግሌ ተነሥተው የተሰበረውን አንሥተው አዩት።

«ፍሬ ይዞ ነበር» አሉ።

ይህም በቃለ ጉባኤው ላይ አለ፤ «የአካባቢው ኅብረተሰብ ለተሳታፊዎች ስለ ቡና ገለጻ አድርጓል» በሚል።

ባነሩን ሳይ የናርጋ ሥላሴ ነገር ትዝ አለኝ። ናርጋ ደቅ ላይ ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት። ቤተ ክርስቲያኑን ከመሠረቱ እስከ ጉልላቱ ያሠሩት እሳቸው ሲሆኑ፣ ራሳቸውን ያሣሉት ግን ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር፣ በግንባራቸው ተደፍተው ነው። ንግሥት ናቸው፤ ግድግዳው የሳቸው፤ ቀለሙ የሳቸው፤ የያዙት ቦታ ግን ከታች ትንሽ ጥግ። እኛ ያሠራነው ነገር የለም። ለአንድ ቀን ጀልባ ተከራይተናል፤ ሦስት ሜትር ሰቅለናል።

እዚያው ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስንገባ እኔም ለአፍታ ሙያዬን ረሳሁ። የመቅደሱ ዙሪያ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ ሥዕል ነው፤ ዓይን የቱ ላይ እንደሚያርፍ ይጨነቃል። አስጎብኚው የሥዕሉን ሰዋስው ነገረን፦ ጻድቅ ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉ ሰው በጎን ይሣልና አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ልጁ ይህን ሲናገር አስተባባሪያችን «የኔ ጥሩ ጎን ግራው ነው» እያለ ከግድግዳው ፊት ፊቱን አዙሮ በአንድ ዓይኑ ቆሞ ነበር። ከበስተኋላው ጦር የያዙ አንድ ዓይና ሰዎች ተደርድረዋል። ፎቶው ላይ ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ሱፍ መልበሱ ረድቷል።

በላዔ ሰብእም እዚያ አለ። 78 ሰው የበላው። ታሪኩን የማያውቅ የለም፦ ያን ሁሉ ነፍስ በልቶ፣ በመጨረሻ ለአንድ የተጠማ ድኃ በእመቤታችን ስም የሰጣት ጥርኝ ውኃ በሚዛን ላይ 78ቱን አነሣችለት። የእኛ ሰው ያን ቀን ሥዕል ሲበላ ከ78 በላይ ሳይሄድ አልቀረም፤ ቆሞ ሳያይ፣ ሳያኝክ፣ ወደ ስልኩ እየዋጠ። ይህም አያስኮንን ይሆናል። ነገር ግን ወደ ጀልባው ስንመለስ ግማሽ የተጠጣ የፕላስቲክ ውኃ ወደ ሐይቁ ተወረወረ፤ ጠርሙሱ አንገቱን ብቅ አድርጎ ተከተለን። ጥርኝ ውኃ በምን እንደሚመዘን ሰምተን ከወጣን አሥር ደቂቃ አልሞላንም። መዝገብ ቤቷ እትዬ «ካፒቴን፣ እባክህ ዞር በልልኝ» አለችና እጇን ዘርግታ አወጣችው። ዘግይተናል ተብላ ተወቀሰች።

አንድ ነገር አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ። ዑራ ደጅ ላይ አንድ መነኩሴ ተቀምጠው ነበር። አስተባባሪያችን «አባ፣ ለልምድ ልውውጥ ነው የመጣነው» ብሎ ራሱን አስተዋወቀ። ይፍቱኝ አላለም፤ እሳቸው ግን ሳይጠየቁ «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉትና ጥቂት አሰቡ።

«ልውውጥ ካላችሁ መልካም ነው። እኛ ያለንን እያያችሁ ነው። እናንተስ ምን ይዛችሁልን መጣችሁ?»

በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተነሥቶ አያውቅም። ሰው በሰው ተያየ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። በመጨረሻ ከዎርክሾፑ የተረፈ ቦርሳ ከነእስክሪብቶው፣ ከነደብተሩ ተሰጣቸው። አመሰገኑ። ቦርሳውን ገለባብጠው አዩና፣ የተጻፈበትን ማንበብ የዓይናቸው ነገር ሆኖባቸው አጠገባቸው ላለው ዲያቆን ሰጡት። ዲያቆኑ ጮክ ብሎ አነበበላቸው፦ «ጊዜ ገንዘብ ነው»።

«አይ፣ እንግዲያው ለኛ አይሆንም» አሉ መነኩሴው። «ገንዘብማ ንብረት ነው፤ መነኩሴ ንብረት የለውም።» ቦርሳውን ግን አልመለሱም፤ ለዕጣን መያዣ ይሆናል አሉ።

አራተኛዋን፣ አዝዋ ማርያምን፣ ከደጅ ተሳለምናት። ባሕር ዳር ዓሣ ታዟል፤ የታዘዘ ዓሣ ይቀዘቅዛል።

ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «የተገኘ ልምድ» የሚል ሠንጠረዥ ስላለበት ተሳታፊውን አንድ በአንድ ጠየቅኩ። ወንዶቹ ፎቶ ላኩልኝ። ጽሑፍ ያመጣችው መዝገብ ቤቷ እትዬ ብቻ ነበረች፤ ስድስት ገጽ፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ደንገሉ። ሠንጠረዡ ሞላልኝ ብዬ ሳስረክብ አስተባባሪያችን በቀይ ሰረዘው። ወደ ክብራን ያልገባ ሰው ስለ ጉብኝቱ ልምድ ማቅረብ ከአሠራር ውጭ ነው። በምትኩ «28 ተሳታፊዎች ከአራት ገዳማት ጋር ውጤታማ የልምድ ልውውጥ አድርገዋል» ተብሎ ጸደቀ። የገዳማቱን የመግቢያ ደረሰኝ ግን ፋይናንስ አልተቀበለውም፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የለውም። እስካሁን በስሜ ተንጠልጥሎ ነው ያለው።

ከዚያ በኋላ ኮሮና መጣ፣ ከዚያ ጦርነት፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ጦርነት። ጀልባዎቹ ታስረው የከረሙበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አስጎብኚው ልጅም ሌላ ሥራ ፍለጋ ከከተማው ወጥቷል አሉ። ደሴቶቹ ልምዳችሁ ቀረብን ብለው ደብዳቤ አልጻፉልንም።

ዕቅዱ ግን አልተሰረዘም። ቀጣዩ ዙር ሩቆቹን ደሴቶች ይሸፍናል። ዳጋ እስጢፋኖስ አለበት፤ ዳዊት፣ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ፋሲል ዐፅማቸው ያረፈበት። በኮሚቴው ውስጥ አንድ ሰው ብቻ «እዚያ ለመድረስ ብቻ እስከ ሦስት ሰዓት ውኃ ላይ? ለሬሳ?» ብሎ ተቃውሞ ነበር፤ አበሉ ሲነገረው ተቃውሞውን አነሣ። ረቂቁ በየሐምሌው «ወደ ቀጣዩ በጀት ዓመት የተሸጋገረ» እየተባለ ይገለበጣል። የዘንድሮው እጄ ላይ ነው፦

«ጠዋት 2፡30፣ ጉዞ። ዳጋ፦ ዐፄ ዳዊት 5 ደቂቃ፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ 5 ደቂቃ፤ ዐፄ ፋሲል 10 ደቂቃ (ጎንደርን ስለሠሩ)። ሴቶች ጀልባ ውስጥ። ናርጋ፦ እቴጌ ምንትዋብ፣ በመመለሻ፣ ጊዜ ከተረፈ። የሻይ ዕረፍት 45 ደቂቃ።»